ውሃው የት እንደገባ ላልጠየቁት ክቡር ጎረቤቴ

ለከተማችን የጎርፍ ማስወገጃ መምሪያ ኃላፊ፣
ከግንቤ በላይ ለሚኖሩት ክቡር ጎረቤቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሣርዎ የለመለመ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጓሮዎ ከእርጥበት የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛን በታችኛው ግቢ ያለነውን የጠየቁን እንደሆነ፣ ከጉልበታችን በላይ ያለው አካላችን ደኅና ነው።

ክቡር ሆይ፣ በፊርማዎና በክብ ማኅተምዎ አስጊጠው የላኩልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። «የጎርፍ ማስወገጃ መስመር ሆን ብለው በመድፈን በአካባቢው ላይ ጉዳት በማድረስዎ» በሕግ እንደምጠየቅ ይገልጻል። እንደሚያውቁት እስከ ጡረታዬ ድረስ እንጀራዬ እንደ እርስዎ ላሉ ኃላፊዎች ደብዳቤ መጻፍ ነበር፤ አለቆቼ የተናገሩትን ትቼ ሊናገሩት ይገባቸው የነበረውን እየጻፍኩ ስንቱን ከመሳቂያነት አትርፌአለሁ። የልማድ ነገር ሆኖብኝ የእርስዎንም ደብዳቤ የፊደል ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ለአዲሱ ዘበኛዎ መልሼ ሰጥቻለሁ። አንዱን ግድፈት ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ ላርመው አልደፈርኩም፤ የአጥፊው ስም ተሳስቷል። ቱቦውን የደፈንኩት እኔ አይደለሁም። ማን እንደደፈነው ለማስረዳት ነገሩን ከመነሻው ማንሳት ግድ ስለሆነብኝ፣ በቢሮዎ በኩል የላክኋቸውን አቤቱታዎች ደግሞ ውሃ ስለበላቸው፣ ይህን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሣሩ።

ሠፈራችን የተቀመጠው በመረሬ አፈር ላይ መሆኑን ለእርስዎ መንገር ለቀሳውስት ጸሎት እንደ ማስተማር ነው። ይህ ጥቁር አፈር ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይነፋል፣ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ከላይ የወረደበትን ውሃም አልውጥም ብሎ አፉ ላይ ይዞ ይቆያል። በዚህ አፈር ላይ፣ እናትዎ ጎመንና ካሮት ይዘሩበት በነበረው ጓሮ፣ የጎልፍ ኳስ መግፊያ ሜዳ ለመሥራት ቆርጠው ተነሡ። ጨዋታው እንደገባኝ ከሆነ፣ እንቁላል የማታህል ነጭ ኳስ በዱላ ቀስ አድርጎ እየገፉ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ነው። የጉድጓድ ችግር እንዳለብዎ ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ይህን ያህል ባልደከሙ ነበር፤ ከቤትዎ በር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ መሥሪያ ቤትዎ ሳይደፍናቸው የቀሩት ለእርስዎም ለልጅ ልጅዎም ጨዋታ ይበቁ ነበር።

ሥራው ግን እንከን አልነበረውም፤ ይህን የምለው ሳልቀልድ ነው። ልብስ ሳሰጣ ከግንቡ በላይ ሁሉንም አይ ነበር። ሣር ተካዩ ጥቁሩን አፈር እስከ ወገብ አስቆፍሮ አስወጣ፤ ከሥሩ የተበሳሳ ቱቦ ዘረጋ፤ በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ የተነፋ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ያንን ምንጣፍ የመሰለ ሣር አለበሰ። እናትዎ የካሮታቸው መደብ ሲገለበጥ በመስኮታቸው ቆመው ያዩ ነበር።

ቱቦው የሰበሰበው ውሃ እንግዲህ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሣር ተካዩ ይህንኑ እኔ እየሰማሁ ጠይቆዎታል። «ወደ መንገዱ ቦይ እናውጣው ካልን አስፋልት መቁረጥ አለብን፤ ፈቃዱ ደግሞ ከእናንተው መሥሪያ ቤት ነው የሚወጣው» አለዎት። እርስዎም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «እሱማ ዓመት ይፈጃል። የማውቀው መሥሪያ ቤት ነው» ብለው መለሱለት። በሕይወቴ ከአንድ ኃላፊ አፍ የሰማሁት በጣም እውነተኛው ንግግር ይህ ስለሆነ ሳላመሰግንዎ አላልፍም። በማግሥቱ ግንቡ ተበሳ፤ የቱቦው አፍም ወደ እኛ ግቢ፣ እህቴ ወደምትተኛበት የጓሮ ክፍል ግድግዳ ዞሮ ተቀመጠ።

ሁለተኛ፣ ስለ በሩ።

ታላቅ እህቴን ያውቋታል ብዬ እገምታለሁ፤ ለብዙ ዓመት በየጧቱ በመኪናዎ መስኮት ትታይዎት ነበር። ግማሽ አካሏ ከታመመ ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች እንደጣሉ ከግድግዳዋ ሥር ያለው አፈር ማበጥ ጀመረ። በሩ በመጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ ተጫነ፣ በኋላም በትከሻ ካልተገፋ አልከፈት አለ። አናጺ ጠርተን ጠርዙን አስላግነው፤ አፈሩ ዳግመኛ አበጠ፤ ዳግመኛ አስላግነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቶ በየዝናቡ እየሰፋ ጣት የሚያስገባ ሆነ።

ደጅዎ ድረስ መጥቼ ይህንኑ ስነግርዎ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ውሃ በተፈጥሮው ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ እትዬ» አሉኝ። ይህን ያህል ከተማርኩ በኋላ ቢሮዎ መመላለሴ የኔው ጥፋት ነበር። አንደኛው መስኮት ወደ ሁለተኛው መራኝ፣ ሁለተኛው ባለሙያው መስክ ወጥቷል አለኝ። ባለሙያውን መስክ ላይ ያየው ሰው ግን የለም። የሠፈሩ ሰው እርስዎን «ጭቃ ሹሙ» እያለ ሲጠራ፣ ለማዕረግዎ አክብሮት ነው እንጂ ስድብ አይደለም ብዬ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መከራከሩን ትቻለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርቃቱ።

ሣርዎን ያስመረቁት በእረፍት ቀን ነበር። ድንኳን ተተክሎ፣ እንግዶችዎ አምረው፣ መኪኖቻቸው መንገዱን ዘግተው ነበር። እናትዎን ደግሞ፣ በጭቃ ጫማቸው ሜዳው ላይ እንዳይወጡና እንግዳ ፊት እንዳያሳፍሩዎ፣ «እማዬ፣ ዛሬን ብቻ ክፍልሽ ውስጥ ሁኚልኝ» ብለዋቸው ኖሯል። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት።

እኔ የእህቴን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ነበር። እዚያው መድኃኒት ቤት ሳለሁ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ብቻ ቢሆን በረንዳው ሥር ቆሜ ባሳለፍኩት፤ ሰማዩ የተቀደደ ነው የሚመስለው። ያቺ የቱቦ አፍ ትዝ ስትለኝ በስብሼም ቢሆን ሮጥኩ። ግቢያችን ስደርስ ውሃው ከግንቡ እንደ በሬ አንገት ወፍሮ እየወጣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይጋጭ ነበር። በሩን ብገፋው ከመቃኑ ጋር አንድ ሆኗል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ መዝጊያውም ከውስጥ ተዘግቷል። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ በዝናቡ ጩኸት የሰማሁት የእህቴን ድምፅ ብቻ ነው። እሷ ስትፈራ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሰው ናት። «ውሃው የወንበሬ እግር ላይ ደርሷል። በሩ እምቢ ብሏል» አለችኝ። ቀጥላም «ግድግዳው ድምፅ ያሰማል» አለች።

እኔ አሮጊት ነኝ፤ በትከሻዬ የማንቀሳቅሰው በር አይደለም። ከሁሉ የሚቀርበው ቤት የእርስዎ ነው፤ ወንዶች አሉ፣ መሣሪያ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጎርፍ ማስወገጃ ኃላፊው ራሳቸው አሉ። ወደ ላይ ሮጬ ለዘበኛዎ «እህቴ ውሃ በሞላው ክፍል ተቆልፎባታል፤ ሰው ይስጡኝ በልልኝ» አልኩት። ሲገባ በሩን ገርበብ አድርጎ ስለተወው አየሁዎት። አንድ እጅዎ ላይ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ እንግዶችዎ በጃንጥላ ከብበውዎ፣ ሣሩን በዱላዎ እየጠቆሙ፣ «እዩት፤ አንዲት ጠብታ አልቋጠረም። ውሃው የት እንደገባ እንኳ አይታወቅም» ይሉ ነበር። እንግዶችዎ አጨበጨቡ። እኔ የት እንደገባ አውቅ ነበር፣ ግን የጠየቀኝ የለም።

ዘበኛዎ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተመለሰ። «‹ዛሬ የእረፍት ቀን ነው፤ ሰኞ ቢሮ መጥታ ታመልክት› ብለዋል፣ እትዬ» አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ብዙ የኃላፊ መልስ ጽፌአለሁ። እንደዚህ ያጠረና የጠራ ግን አንድም ጊዜ አልገጠመኝም።

ቁልቁል ስመለስ እግሬ ከድጡ ወደ ማጡ እየገባ ነበር። በሩ ላይ ደርሼ እህቴ «ምን አሉ?» ብትለኝ፣ የተባለውን እንዳለ ጮኼ ነገርኳት። ከውስጥ ሌላ ድምፅ፣ የእህቴ ያልሆነ፣ «ማነው እንደዚያ ያለው?» አለ።

የእናትዎ ድምፅ ነበር።

እኔ ከወጣሁ በኋላ፣ ክፍላቸው ውስጥ መዋሉ ሰልችቷቸው፣ ካርታቸውን በሹራብ ኪሳቸው ይዘው በጎን በር ወደ እህቴ መጥተዋል። ሁለቱ ሲጫወቱና ሲሸዋወዱ መዋል የቆየ ልማዳቸው ነው፤ እርስዎ ግን ያንን ማወቅ አልነበረብዎትም፣ ሥራ ይበዛብዎታል። «ልጅዎ ናቸው ያሉት» አልኩ። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ከዚያ፣ «እሜቴ፣ ተመልሼ እርስዎ ውስጥ እንዳሉ ልንገራቸው» ብዬ ዘወር ስል አስቆሙኝ። «ተይው። የጎረቤት ሰው ጥሪ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሰኞ ከደረስን እናመለክታለን» አሉ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው መካኒክ ዲጂኖውን ይዞ ደረሰ። ዘበኛዎም ያለ ፈቃድ በሩን ጥሎ ተከትሎኝ መጥቷል። ሁለቱ ከመቃኑ ጋር ታገሉ፤ እንጨቱ እየተሰነጠቀ በመጨረሻ በሩ ከነማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ፤ ውሃው ጥቁር ሆኖ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ዘበኛዎ እናትዎን በጀርባው አዘለ። መካኒኩና እኔ እህቴን ከነወንበሯ አነሣናት። ከደጃፉ ብዙም ሳንርቅ ግድግዳው ጎንበስ እንደሚል ሰው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ አዘነበለና ተናደ። የወደቀው አልጋው ላይ ነው። እናትዎ እግራቸውን ከውሃው ለማሸሽ ወጥተው የተቀመጡት እዚያ አልጋ ላይ ነበር።

ዘበኛዎ ሮጦ ነግሮዎ እርስዎ ሲመጡ ጓንትዎን እንኳ አላወለቁም ነበር። መካኒኩ ደጅ ላይ፣ ካፖርቴን ደርበው የተቀመጡትን እናትዎን አይተው፣ «እማዬ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ። «ካርታ እየተጫወትኩ ነበር» አሉዎት። እርስዎ እጃቸውን ሊይዙ ሲሉ እሳቸው እጃቸውን ካፖርቱ ውስጥ ከተቱ። «እንግዶችህ ይጠብቁሃል፤ ሂድ» አሉዎት።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ ፊትዎ ላይ ያየሁት ድንጋጤ የሰው ድንጋጤ ነበር፤ ላፍታ ያህልም አዝኜልዎ ነበር። ግን እህቴ ከእናትዎ አጠገብ፣ እጅዎን ቢዘረጉ በሚደርስበት፣ ወንበሯ ላይ ሆና ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ተጎድታ እንደሆነ አልጠየቋትም። ዞር ብለውም አላዩዋትም። ያኔ ማዘኔን ተውኩት።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያዎ እንመለስ። በማግሥቱ ጧት እናትዎ መኮትኮቻ ለምነው ወጡ። ያንኑ ጥቁር አፈር ከግቢያችን ቆርሰው፣ በእጃቸው አሽተውና አቡክተው፣ የቱቦውን አፍ ጠቀጠቁት። ስሚንቶ ላስመጣ ብላቸው፣ «ይሄ አፈር ውሃ የሚያሳልፍ ቢሆን ልጄ ያን ሁሉ አሸዋ ባላስጫነ» አሉኝ። የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ የእርስዎ ሜዳ ገንዳ ሆነ፤ አሸዋው ከሣሩ ሥር ተገለበጠ፤ እንቁራሪቶችም ምርቃት ሳያስፈልጋቸው ገቡበት። በዚያው ሳምንት፣ በዚህ መንገድ ላይ ተፈጥረው የማያውቁት የመምሪያዎ ማሽኖች ደረሱ። ዓመት ይፈጃል የተባለው ፈቃድ ወጥቶ፣ አስፋልቱ ተቆርጦ፣ ከጓሮዎ እስከ መንገዱ ቦይ ድረስ መስመር ተዘረጋ። መሥሪያ ቤትዎ መሥራት አይችልም ብዬ ሳማው የኖርኩትን ሁሉ በዚህ አጋጣሚ ስቤአለሁ፤ ይችላል፣ ቦታ ነው የሚመርጠው። የእኛን ግቢ ውሃ ከዚያው መስመር ጋር እንዲያገናኙልን ሠራተኞቹን ብንለምን፣ «እናንተ ፕላኑ ውስጥ የላችሁም» አሉን።

እንግዲህ የማስቸግርዎ ለጥቂት ነገር ነው። ማስጠንቀቂያው ላይ የሰፈረውን የኔን ስም ሰርዘው በምትኩ የእናትዎን ስም ያስገቡ፤ የጥሪ ወረቀቱንም ወደኛው አድራሻ ይላኩት፣ የሚኖሩት እኛው ሳሎን ውስጥ ነውና ይደርሳቸዋል። የእህቴን ግድግዳ ካስወደቁበት ያስቁሙ። ሥራውን ጥሎ ሄደ ብለው ያባረሩት ዘበኛ መካኒኩ ዘንድ ሥራ ስላገኘ ስለ እሱ አይጨነቁ፤ ግን ሰው ማዳን በየትኛው የቅጥር ደንብ ጥፋት እንደሆነ ቢያስረዱን ለጠቅላላ እውቀታችን ይጠቅመናል። በየጧቱ የሚልኩት መኪናም ጥሩምባውን ቢያሳርፍልን ደግ ነው። እናትዎ ለሹፌሩ የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ግድግዳው ሲቆም እመጣለሁ በለው»። እህቴ ግድግዳው እንዳይቆም መጸለይ ጀምራለች፤ እንዲህ ያለ የካርታ ጓደኛ በቀላሉ አይገኝም።

ለሥራ ትጋትዎ፣ ለመልካም ጉርብትናዎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናት ለላኩልን ቸርነትዎ ያለኝን ምስጋና ከበታች ቦታዬ ሽቅብ እያንጋጠጥኩ አቀርባለሁ፤

ከጎርፍ ማስወገጃ ፕላኑ ውጭ የሆነችው፣
በከፍታም በማዕረግም ከእርስዎ በታች የምትኖረው፣
ጡረተኛዋ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእናትዎ አንብቤላቸው ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ፣ ለጨዋነት ያህል፣ «ይህን ሁሉ ያደረጉት ሳያውቁ ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብቼልዎት ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እሱን አውጪው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ያውቃል» አሉኝ። ስለዚህ አውጥቼዋለሁ።